የትኛው በሬ ጠፋ? ስለ ቅጽልና ዐረፍተ ነገርን ስለ ማስፋት ትምህርት

በአንዳንድ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህር ወደ ክፍል ይገባና በሰሌዳው ላይ «በሬ ጠፋ» ብሎ ይጽፋል። ከጻፈም በኋላ ወደ ተማሪዎቹ ዘወር ብሎ «ይህን ዐረፍተ ነገር አስፉት፤ ቅጽል ጨምሩበት» ሲል ያዛቸዋል። ልጆቹም አንገታቸውን ደፍተው እርሳሳቸውን ሲነክሱ ይቆዩና «አንድ በጣም ትልቅ፥ በጣም ቆንጆ፥ ጥሩ፥ ጥቁር በሬ ጠፋ» ብለው ጽፈው ያመጣሉ። መምህሩም ቅጽሎቹን በጣቱ ቆጥሮ አራት ለጻፈው አራት፥ ሁለት ለጻፈው ሁለት ነጥብ ይሰጣል። ደወል ይደወላል፤ ትምህርቱም ተፈጸመ ይባላል። በሬው ግን እንደ ጠፋ ነው።

ከእነዚህ ተማሪዎች መካከል ከትምህርት ሰዓት ውጭ ከብት የሚጠብቅ አይታጣም። በሬ በእውነት የጠፋ ዕለት አባቱ ወደ ገበያ ቢልከው፥ ይህ ልጅ በመንገድ ያገኘውን ሰው ሁሉ ምን ብሎ ይጠይቃል? «መጋላ ቦራ በሬ፥ ግራ ቀንደ ሰባራ፥ ትናንት ማታ ከወንዙ ማዶ ከመንጋው የተለየ አላያችሁምን?» ይላል እንጂ «ቆንጆ በሬ አላያችሁምን?» አይልም። ቢልም ሰሚው ሥቆበት ያልፋል። መጋላ ባለ ጊዜ ቀዩን ከጥቁሩ ለየ፤ ቦራ ባለ ጊዜ በግንባሩ ነጭ ያለበትን ከሌለበት ለየ፤ ግራ ቀንደ ሰባራ ባለ ጊዜ ደግሞ በገበያው ከቆሙት በሬዎች ሁሉ ምናልባት አንዱን ብቻ አስቀረ። ከዚህም ሌላ የጠፋበትን ጊዜና ስፍራ ጨመረበት። ሰዋስው ሳይማር ቅጽልን በቦታው፥ ዝርዝርን በመጠኑ አኖረ። ይኸው ልጅ ሰኞ ጠዋት ወደ ክፍሉ ሲመለስ ቅዳሜ በገበያ ያወቀውን ትቶ «በጣም ትልቅ፥ በጣም ቆንጆ» ብሎ እንዲጽፍ ይገደዳል። እንግዲህ ከመምህሩና ከእረኛው የትኛው የትኛውን ማስተማር ይገባው ነበር?

ነገሩ የቃላት ማስጌጫ ብቻ መስሎ የሚታያቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ቅጽልን እንደ ጥልፍ ይቈጥሩታል፤ ስሙ ቀሚስ፥ ቅጽሉ ጥለት ነው ይላሉ። ጥለት የሌለውም ቀሚስ ይለበሳልና፥ ልጁ ጥለት ማብዛት ባይችል ምን ይጎድልበታል ብለው ይተዉታል። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ቅጽል በመጀመሪያ ሥራው ለይቶ ማሳየት ነው፤ ማስጌጥ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ትርፍ ነው። ይህንንም ለማወቅ የአገሩን የከብትና የፈረስ ቀለም ስሞች መስማት ይበቃል። ዳለቻ፥ ቡላ፥ መጋላ፥ ቦራ፥ ዳማ፥ አምባላይ የሚሉት ቃላት ለግጥም ውበት ብቻ የተፈጠሩ አይደሉም፤ ባለቤቱ የራሱን እንስሳ ከጎረቤቱ እንስሳ ለይቶ በሽማግሌ ፊት «የእኔ ነው» ለማለት ያስፈልጉት ነበር። ዛሬ በከተማ ያደገ ልጅ እነዚህን ስሞች ባያውቅ አይፈረድበትም፤ በሬ አያይምና። የሚያየውን ነገር ለመለየት ግን ይኸው ብልሃት ያስፈልገዋል።

ይህን ብልሃት ያጣ ተማሪ አድጎ አቤቱታ ሊጽፍ ይመጣል። «አንድ ሰው መሬቴን ወሰደብኝ» ብሎ ይጽፋል። የትኛው ሰው? የትኛውን መሬት? በምሥራቅ ከማን ማሳ፥ በምዕራብ ከየትኛው ወንዝ ጋር የሚዋሰነውን? መቼ የተመራውን፥ ከማን የተወረሰውን? እነዚህን ሁሉ በአንድ ስም ዙሪያ አሰባስቦ ማሰር ስላልቻለ፥ በፍርድ ቤት ደጅ ወደ ተቀመጠው ጸሐፊ ሄዶ ገንዘብ ከፍሎ ያስጽፋል። ጸሐፊውም የለመደውን ቃል ሁሉ ያጎርፍበታል፤ ባለጉዳዩ የራሱን ጉዳይ ከወረቀቱ ላይ መልሶ ማወቅ እስኪሳነው ድረስ። ለምስክርም እንዲሁ ነው። «አንድ ረጅም ሰው ሲመታው አየሁ» ያለ ምስክር ስንቱን ረጅም ሰው ሊያሳስር ነው?

ቅጽልን የመቊጠር ልማድ ከየት መጣ ቢባል፥ አንዱ ምንጩ ከውጭ አገር መጽሐፍ መቅዳት ነው። በእንግሊዝ አገር በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣውና ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሥርዓተ ትምህርት፥ የ6 እና የ7 ዓመት ልጆች ስምን በገላጭ ቃላት ማስፋት እንዲማሩ ያዛል። ዳሩ ግን ትእዛዙ ዓላማውንም አብሮ ጽፎታል፤ ዓላማው ሁለት ነው፤ አንዱ መግለጽ፥ ሁለተኛው ለይቶ መወሰን ነው። ለምሳሌ ከሰጣቸውም አንዱ የዱቄት ስም ነው፤ ሊጥ የሚያነሣ ቅመም ያልተቀላቀለበትን ተራ ዱቄት፥ ከተቀላቀለበት የሚለይ ስም። ይህ ጌጥ አይደለም፤ ጋጋሪዋ ሁለቱን ብታሳስት ቂጣዋ ይበላሻል። ከዚያ የቀዱት ሰዎች ግን የመጀመሪያውን ዓላማ ይዘው ሁለተኛውን ጣሉት። በእንግሊዝ አገርም ራሱ ብዙ መምህራን እንዲሁ አድርገዋልና ጥፋቱ የቀጂዎቹ ብቻ አይደለም።

ከዚህ የሚብሰው ሁለተኛው ጥፋት ነው። ይኸውም የእንግሊዝኛን ሥርዓት በአማርኛ ላይ መጫን ነው። በእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገርን የሚያሰፋ ሰው ብዙውን ጊዜ ከኋላ ይጨምራል፤ ስሙን ይናገርና «እርሱም እንዲህ ያደረገ» የሚለውን ያስከትላል፤ ግሡን ይናገርና ስፍራውንና ጊዜውን ከጭራው ይቀጥላል። በግእዝም ቢሆን «ብእሲ ዘመጽአ» ይባላል፤ ሰውየው ቀድሞ መምጣቱ ይከተላል። አማርኛ ግን «የመጣ ሰው» ይላል። ስሙ በሐረጉ መጨረሻ፥ ግሡ በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይቀመጣል፤ የሚጨመረው ነገር ሁሉ ከፊትና ከውስጥ ይገባል። ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባሳተመው «የአማርኛ ሰዋስው» ላይ ስማዊ ሐረግ ብሎ የጠራው አካል ይህ ነው። እንግዲህ ልጁን «ከመጨረሻው ላይ ጨምር» ብሎ ማስተማር «ልጁ ሮጠ በመንገዱ ላይ በፍጥነት ትናንት» የሚል ነገር ማጻፍ ነው፤ እንዲህ ያለው አማርኛም በየጋዜጣውና በየሬዲዮኑ ሞልቷል።

አማርኛ የራሱ መገጣጠሚያ አለው፤ መገጣጠሚያውም የሚታየው ሐረጉ ሲያድግ ነው። የተሳቢ ምልክት የሆነችውን «ን»ን የተከተለ ተማሪ ይህን በዓይኑ ያየዋል። «በሬውን ሸጠ» ሲባል «ን» በበሬው ላይ ናት። «ጥቁሩን በሬ ሸጠ» ሲባል በሬውን ለቃ ወደ ጥቁሩ ትሄዳለች፤ «ው» የሚለው የታወቀ ነገር ምልክትም አብሯት ይሄድና «ጥቁሩ» ይሆናል። «ከገደል የወደቀውን ጥቁር በሬ ሸጠ» ሲባል ደግሞ ሁለቱም ጥቁሩን ለቀው ወደ «የወደቀ» ይዘዋወራሉ። «የአጎቱን ጥቁር በሬ ሸጠ» ቢባል ከአጎቱ ላይ ያርፋሉ፤ «ያንን ጥቁር በሬ» ቢባልም ከ«ያ» ላይ። አዲስ ገላጭ ከፊት በገባ ቊጥር ምልክቱ ከመጀመሪያው ገላጭ መጨረሻ ላይ ይለጠፋል፤ እንግዳ ሲመጣ ወንበሩን እንደሚለቅ የቤት ልጅ ነው። ይህን አንድ ቀን በሰሌዳ ላይ በደረጃ ያየ የአራተኛ ክፍል ልጅ ዕድሜውን በሙሉ አይስተውም።

አልታየምና ይሳታል። «ምክር ቤቱ አዲሱ ሕግን አጸደቀ» የሚል ዜና የሚያነብ ሰው እየበዛ ሄዷል። «አዲሱን ሕግ» ማለት ሲገባ፥ አንዱን ምልክት ከፊት ትቶ ሌላውን ወደ ኋላ ሰደደው። ይህን የሚናገሩት ያልተማሩ ሰዎች ቢሆኑ ነገሩ ባላሳዘነ ነበር፤ የሚናገሩት ግን ከፍተኛ ትምህርት የጨረሱ ናቸው። ያልተማረችው እናታቸው በቤቷ «አዲሱን ድስት አምጣው» ትላለች እንጂ «አዲሱ ድስትን» አትልም። ልጇ ይህን ከእርሷ ጋር ሲኖር አውቆት ነበር፤ የረሳው ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ነው።

ሌላው መገጣጠሚያ የ«የ» ነገር ነው። «የአባቱ ቤት» በሚለው ላይ «በ» ሲመጣ «በአባቱ ቤት» ይሆናል፤ «የ» ስፍራውን ለ«በ» ለቀቀ። «አባቱ የሠራው ቤት» በሚለው ላይ ሲመጣም «አባቱ በሠራው ቤት» ይሆናል፤ «በ» ከሐረጉ መጀመሪያ ላይ አልቆመም፥ ወደ ውስጥ ዘልቆ ግሡን ያዘ። ይህን ያልተረዳ ተማሪ «በአባቱ የሠራው ቤት» ብሎ ይጽፋል፤ ወይም ፈርቶ ሐረጉን ጨርሶ ይተወውና «አባቱ ቤት ሠራ። በቤቱ ተቀመጠ» ብሎ ቈራርጦ ይሄዳል። ፍርሃቱ ከስሕተቱ ይብሳል፤ የተሳሳተው ይታረማል፥ የፈራው ግን አይሞክርም።

የቃላቱም ተራ እንዲሁ ቀላል አይደለም። «የሞተው ገበሬ በሬ» እና «የገበሬው የሞተ በሬ» የሚሉት ሐረጎች ከሦስት ቃላት፥ ያውም ከአንድ ዓይነት ቃላት የተሠሩ ናቸው። በመጀመሪያው ገበሬው ሞቶ በሬው ለወራሾች ቀርቷል፤ በሁለተኛው ገበሬው አለ፥ ከበሬው የቀረው ቆዳው ነው። ሁለት ወንድማማቾች በዚህ ልዩነት ሊካሰሱ ይችላሉ። በመማሪያ መጽሐፍ «ቅጽል ማለት ስምን የሚገልጽ ቃል ነው» ብሎ ትርጓሜውን ማሸምደድ ግን ይህን ልዩነት አያሳይም። ልጁ ትርጓሜውን እንደ ዳዊት በቃሉ ይዞት፥ ሐረጉን ግን ማቆም አይችልም።

የዱሮው የአብነት ትምህርት በዚህ ረገድ ከዛሬው ክፍል የሚሻልበት ነገር ነበረው፤ አሁንም ባለበት ስፍራ አለው። በቅኔ ቤት ተማሪው መወድስ ዝረፍ ተብሎ አይጀመርም። ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ከዚያም ባለ ሦስት ቤቱን ዘአምላኪየን፥ እያለ እያለ ባለ ስምንት ቤቱን መወድስ ይደርሳል። ሰዋስው የሚለውም ቃል መሰላል ማለት ነው። በየደረጃውም መምህሩ «ባለቤቱ የቱ ነው? ማሰሪያው የቱ ነው? ይህ ቅጽል የማን ነው? ዘርፉስ?» እያለ ይጠይቀዋል። ቅጽልን ባለቤት አልባ ሜዳ ላይ መጣል አይፈቀድም። ከዚህ ትምህርት አማርኛም ተርፎታል፤ «ቀንደ ሰባራ»፥ «ልበ ሙሉ»፥ «ሆደ ሰፊ»፥ «ዓይነ ስውር» የሚሉት ስምና ቅጽልን በአንድ የሚሰፉ ቃላት የግእዝን የዘርፍ አያያዝ የወረሱ ናቸው፤ ተማሪም በዚያው ልክ «አንገተ ረጅም»፥ «እግረ ቀጭን» እያለ ሊሠራባቸው ይችላል። በእርግጥ የቅኔ ቤቱ ትምህርት ለዓመታት የሚያንከራትት፥ ቋንቋውም ግእዝ ስለ ሆነ፥ ለሕዝብ ትምህርት ቤት እንዳለ ይወሰድ የሚል የለም። ጥያቄዎቹን ግን ለመውሰድ ማንም አይከለክልም፤ በተለይ የማሰሪያውን ጥያቄ። አማርኛ ግሡን እስከ መጨረሻ የሚያቆይ ቋንቋ ነውና፥ ሐረግ በሐረግ ላይ የሚጭን ጸሐፊ ማሰሪያውን ከረሳ፥ ጭነቱን በአህያ ላይ አድርጎ ገመዱን ቤት የረሳ ነጋዴ ይሆናል።

እዚህ ላይ «ስለዚህ አጭር ይጻፍ» የሚሉ ወገኖች ይነሣሉ። አጭር ዐረፍተ ነገር ግልጽ ነው፥ ረጅም ዐረፍተ ነገር የደብተራ ነው ይላሉ። አጭር መጻፍን የመረጠና ከአጭር ሌላ የማይችል ግን አንድ አይደሉም። «ሰውየው መጣ። ሰውየው ሽማግሌ ነው። በትር ይዟል። በትሩ የወይራ ነው። የመጣው ከላይ ቤት ነው» የሚለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ግልጽ ሆኖ ነገሩ በሙሉ የተበተነ ነው፤ ከአምስቱ ዋናው የትኛው እንደ ሆነ አይታወቅም። «የወይራ በትር የያዘ ሽማግሌ ከላይ ቤት መጣ» ሲባል ግን ዋናው መምጣቱ መሆኑ ታወቀ፤ ሌላው ሁሉ በየማዕረጉ ተቀመጠ። «ከላይ ቤት የመጣው ሽማግሌ የወይራ በትር ይዟል» ቢባል ደግሞ ዋናው በትሩ ሆነ፤ ምናልባት ጠብ ሊመጣ ነው። ልጁ ይህን መምረጥ እስኪችል ድረስ ጸሐፊ አልሆነም።

ይህም በግምት የሚነገር ብቻ አይደለም። ፍራንክ ኦሄር የተባለ ሰው በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፥ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች የሰዋስው ስያሜ ሳያጠኑ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮችን እያጋጠሙ አንድ እንዲያደርጉ አለማምዶ፥ ልምምዱን ካላገኙት ይልቅ የተሻለ እንደ ጻፉ አሳየ። ስቲቭ ግራሃምና ዶሎሬስ ፔሪን በ2007 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩም ይህ የማጋጠም ልምምድ የተማሪን ጽሑፍ እንደሚያሻሽል፥ የሰዋስውን ትርጓሜና ክፍል ለብቻው ነጥሎ ማስተማር ግን እንደማያሻሽል አገኙ። ጥናቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛ መገጣጠሚያው ሌላ ስለ ሆነ የራሱን ልምምድ ይፈልጋል። ቢሆንም ትርጓሜ በማሸምደድ ጸሐፊ አይወጣም የሚለው በማናቸውም ቋንቋ ሳይሠራ የሚቀር አይመስልም።

ብዙ መምህራን ይህን ሁሉ ቢሰሙ «ፈተናውስ?» ይላሉ። ብሔራዊው ፈተና ከአራት አማራጭ አንዱን አስመርጦ የሚሸኝ ሲሆን፥ ተማሪው አንድ ሐረግ እንኳ ራሱ ሳያቆም አሥራ ሁለተኛን ክፍል ሊጨርስ ይችላል። መምህሩ የሚፈተነውን ቢያስተምር አይደንቅም። እዚህ ላይ ወቀሳው ከመምህሩ ይልቅ በፈታኙ ላይ ይወድቃል፤ የማያስጽፍ የቋንቋ ፈተና ሳያስጋልብ ፈረሰኛ እንደሚመርቅ ነው።

«ክፍሉ 60 ልጅ አለበት፤ የ60 ልጅ ጽሑፍ ማን ያርማል?» የሚለው ቅሬታ ግን እውነት ነው፤ በቃል ሽንገላም አይመለስም። የሚመለሰው አራሚ በማያስፈልገው ሥራ ነው። መምህሩ ከግቢው አምስት ድንጋይ ለቅሞ በጠረጴዛው ላይ ይደርድር። አንዱ ተማሪ ከአምስቱ አንዱን በልቡ መርጦ የሚለይበትን ሐረግ በወረቀት ይጻፍ፤ ስሙም «ድንጋይ» ከመጨረሻው ላይ ይቀመጥ። ሌላው ተማሪ ወረቀቱን አንብቦ ድንጋዩን ያንሣ። ያነሣው ሌላ ድንጋይ ከሆነ ሐረጉ ጎድሏል፤ ጻፊው ይጨምርበታል። «ጎኑ የተሰነጠቀ ድንጋይ» ያለው ሁለት የተሰነጠቁ ካሉ «ጎኑ የተሰነጠቀ፥ ጭቃ የነካው ድንጋይ» እስኪል ይቆያል። ትክክለኛው ከተነሣ ደግሞ መምህሩ «ከዚህ ሐረግ ውስጥ ቢወጣ የማይጎዳ ቃል የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። አምስቱም ድንጋዮች ትልልቆች እንደ ሆኑ «ትልቅ» ይሰረዛል፤ «ቆንጆ» የጻፈም ቢኖር ጓደኞቹ ራሳቸው ይሰርዙለታል። ቀጥሎ ጻፊው «አነሣሁ» የሚለውን ግሥ ከመጨረሻው ላይ ጨምሮ፥ «ን»ን በየትኛው ቃል ላይ እንደሚያኖራት ይፈልግ፤ ስቶ «ጎኑ የተሰነጠቀ ድንጋዩን አነሣሁ» ቢል፥ ከስድሳው መካከል ጆሮውን የሚኮረኵረው ልጅ ሳይጠራ ይነሣል።